አንድ ጣት ለማደጊያ

ባለፈው ሳምንት ለልጅ ልጄ ጫማ ተገዛላት። ተገዛላት ስል ገበያ ወርደን፣ ከነጋዴ ተከራክረን፣ ተኳርፈንና ታርቀን ማለቴ አይደለም። ልጄ ስልኳ ላይ ፎቶ መረጠች፣ ቁጥር ጻፈች፣ አለቀ። ጠዋት ከጅማ በሚኒባስ የተላከው ካርቶን ከሰዓት በኋላ ቦንጋ ገባ፤ ባጃጅ አምጥቶ በራችን ላይ አስረከበን። ልጅቷ አጠለቀችው። ተረከዙ ልክ፣ ጣቱ ልክ። ሁሉም "ልክክ አለ!" ብለው አጨበጨቡላት።

እኔ ጎንበስ ብዬ በተረከዟ በኩል ጣቴን ላስገባ ሞከርኩ። እምቢ አለኝ።

"ማደጊያ የለውም እኮ" አልኩ።

"እማዬ ደግሞ! ሲጠባት ሌላ ይገዛላታላ" አለች ልጄ።

ሲጠባት ሌላ ይገዛላታል! እንዲህ የሚል ሰው ከገዛ ሆዴ መውጣቱን ሳላውቅ አርጅቻለሁ። ሠላሳ ስድስት ዓመት አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝና ለክርክር አልሰንፍም ነበር፤ ነገር ግን ዓይኔ አባቴ ላይ አረፈ። አባቴ ዘጠናን ሊደፍን ትንሽ ነው የቀረው። ጋቢውን ተከናንቦ በረንዳው ላይ ተቀምጧል። ጆሮው ደክሟል ይባላል፤ የሚፈልገውን ግን ይሰማል። "ማደጊያ" የምትለዋን ቃል ሰምቶ ኖሮ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። እየሳቀ ነው። በምን እንደሚስቅ ከእኔ በቀር በዚያ በረንዳ ላይ ያስተዋለ አልነበረም።

እኛ ልጆች በነበርንበት በደርግ ዘመን ቦንጋ ገበያ ላይ የላስቲክ ጫማ ሞልቶ ነበር። በበጋ እግር ያፈላል፣ በክረምት ውሃ ይቋጥራል፤ ሲጠብ ደግሞ ጫፉ በምላጭ ይቆረጥና ጣት ወደ ውጭ ይለቀቃል። እኔ ሦስተኛ ክፍልን የጨረስኩት ጣቶቼ መንገዱን እያዩ ነው። የቆዳ ጫማ የፈለገ ሰው ግን ወደ ጅማ ይልካል። የሚላከው ልጁ አይደለም፤ ስንጥር ነው። ልጁ መሬት ላይ ይቆማል፤ የቀርከሃ ስንጥር ከእግሩ ጎን ይጋደማል፤ ከተረከዝ እስከ አውራ ጣት ተለክቶ ቀጭ ይደረጋል። ያ ስንጥር በሰው እጅ ጅማ ይገባል። ነጋዴው ጫማው ውስጥ ይሰደዋል፤ ከተጋደመለት ልኩ ነው፤ ካልተጋደመለት ሌላ ጫማ ይነሳል። እኔ ጅማን በዓይኔ ሳላይ የእግሬ ልክ ደርሶ ተመልሷል።

ልጅ ያድጋል፤ ጫማ ግን አያድግም። ስለዚህ ልክ የሚወስደው ሰው ስንጥሩን ከአውራ ጣት አንድ ጣት ያህል አሳልፎ ይሰብረዋል። ይህቺ ናት ማደጊያ። ታዲያ ማደጊያ ሲጨመር አፍ አይከፈትም። "ይህቺ ልጅ ታድጋለችና ጨምሩላት" ብሎ ጮክ ብሎ መናገር ዓይን መጥራት ነው። ልጅቷ በሩን ሞልታ ብትገባ እንኳ "ኧረ ቀጭጫብኛለች" ነው የሚባለው። እናት ትጨምርና ዝም ትላለች፤ አባት ይጨምርና ዝም ይላል። የእኛን ቤት ጉድ ያመጣው ይኸው ዝምታ ነው።

አራተኛ ክፍል ሳለሁ ከክፍሌ አንደኛ ወጣሁ። ሰኔ ላይ በሚከበረው የወላጆች በዓል መድረክ ወጥቼ ግጥም እንዳነብና ሽልማት እንድቀበል ተመረጥኩ። መምህራችን ሰብስበው "ልብሳችሁን አጥባችሁ፣ ጫማችሁን ወልውላችሁ ትመጣላችሁ" አሉን። የእኔ ጫማ ቢወለወልም ጣቶቼን አይሰበስብም። መድረኩ ደግሞ ከፍ ያለ ነው፤ ከፊት የሚቀመጠው የክብር እንግዳ ፊት ለፊት የሚያየው ሌላ ሳይሆን እግሬን ነው። ቤት ገብቼ ተንሰቀሰቅሁ። ያን ጊዜ እግዚአብሔርን የለመንኩት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ጣቶቼ ሳይታዩ መድረክ መውጣት።

አባቴ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበር። ለእሱ ማንኛውም ነገር ተከፍቶ የሚዘጋ ፋይል ነው። ጫማ የነበረው አንድ ሲሆን ሶሉ ሦስት ጊዜ በመኪና ጎማ ተቀይሯል፤ ዝናብ ሲበረታ ውስጡ ካርቶን ያነጥፍበታል። ቦንጋ ደግሞ ዝናብ አይሰስትም። አባቴ በክረምት ከቢሮ ሲመለስ መጀመሪያ የሚያደርገው ነገር የራሰውን ካርቶን አውጥቶ እምድጃው አጠገብ ማስጣት ነበር።

"የቆዳ ይገዛላት" አለ፣ ለቅሶዬን ሲሰማ።

"የእርስዎስ?" አለችው እማዬ። እማዬ አባቴን አንቱ የምትለው ስትናደድ ብቻ ነበር።

"የእኔማ ገና ይሄዳል።"

እማዬ የካፋ ልጅ ናት። አማርኛውን የተማረችው ከገበያና ከአባቴ ነው፤ ስትቆጣ አይበቃትምና ወደ ካፊኖኖ ትሻገራለች። አባቴ ሁልጊዜ የሚሸነፈው በዚያ በኩል ነበር። የዚያን ቀን ግን አልተሻገረችም። ከአጥሩ አንድ ስንጥር መዝዛ መጣችና "ቁሚ" አለችኝ። ቆምኩ። ስንጥሩን ከእግሬ ጎን አጋደመች፤ ለካች፤ ከዚያ "እስቲ ድስቱን ከእሳት አውርጂልኝ" ብላ ላከችኝ። ስመለስ ተሰብሯል። አንድ ጣት እንደጨመረች ያወቅሁት ብዙ ቆይቶ ነው።

አባቴ ስንጥሩን ተቀብሎ መነጽሩን አደረገ። የተሰበረበት ጫፍ ተንጨባሯል። እንዲህ ያለ ነገር ያመዋል።

"ልኳ ነው ይሄ?" አለ።

"ልኳ ነው" አለች እማዬ። ሌላ ምን ትበል? ጨምሬበታለሁ ካለች ዓይን ልትጠራብኝ ነው።

አባቴም በዝምታ ሌላ ስንጥር አመጣ፤ በሰንጢ አስተካክሎ ላጠው፤ የእማዬን አጠገቡ አስተኝቶ ለካና ለማንም ሳይናገር አንድ ጣት አስረዝሞ ቆረጠ። ከዚያ እንደ ደብዳቤ በወረቀት ጠቅልሎ "ለሾፌሩ አድርሺ፤ በእጁ ስጪው" አለኝ። ማኅተም ብቻ ነው የቀረው።

ሾፌሩ ጎረቤታችን ነው። ከዋጫና ከሺሺንዳ ቡና ጭኖ በኤንትሬ መኪናው ጅማ ያደርሳል፤ የሰፈሩ የእግር ልክ ሁሉ የሚጓዘው በእሱ ኪስ ነበር። እኔ ወደ ቤቱ ስሄድ መንገድ ላይ ሐሳብ ያዘኝ። እማዬ ልኳ ነው አለች። አባዬም እሺ ብሎ ጠቀለለው። ማደጊያ የጨመረልኝ ሰው የለም! ጫማው እስኪመጣ ባድግስ? ደግሞ ጠብቦኝ በምላጭ ቢቆረጥስ? ከቦዩ ዳር ተቀመጥኩና ወረቀቱን ፈታሁት። ከጎረቤት አጥር ስንጥር መዘዝኩ፤ የአባቴን ለካሁበት፤ አንድ ጣት አሳለፍኩና ቀጭ አደረግሁት። የአባቴን ወደ ቦዩ ጣልኩ። የራሴን በዚያው ወረቀት ጠቀለልኩ። በዕድሜዬ የሠራሁት ሐሰተኛ ሰነድ ያ ብቻ ነው፤ ንስሐም ገብቼበታለሁ።

ሾፌሩ የሆነውን በኋላ ምሎ ነግሮናል። ጎጀብ ቁልቁለት ላይ መኪናው ጭቃ ውስጥ ሰጠመ። ሲገፋ፣ ሲቆፍር፣ ከመኪናው ሥር ሲጋደም ኪሱ ውስጥ ያለው ስንጥር ሦስት ቦታ ተሰበረ። ስብርባሪውን መሬት ላይ ቀጣጥሎ የባሕር ዛፍ ጭራሮ ለካበትና ምናልባት የጠፋች ቁራጭ ትኖር ይሆናል ብሎ አንድ ጣት ጨመረበት። "ከሚያንስባት ቢሰፋት ይሻላል ብዬ ነው" አለ። እሱንስ ማን ይወቅሰዋል?

ጫማው የደረሰው ለበዓሉ ሁለት ቀን ሲቀረው ነው። ሾፌሩ ካርቶኑን በሁለት እጁ ይዞ እየሳቀ ገባ፤ ሳቁ ግን የደስታ ብቻ እንዳልሆነ ፊቱ ላይ ይታይ ነበር። አባቴ ክዳኑን ከፈተ። መጀመሪያ ያሰብነው የሌላ ሰው ዕቃ መጥቷል ብለን ነው። ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ፣ ማሰሪያ ያለው የወንድ ጫማ። ቁጥሩ አርባ ሁለት።

"ነጋዴው በዚህ ልክ የሴት ልጅ ጫማ የለም አለኝ" አለ ሾፌሩ። "የአሥር ዓመት ልጅ ናት ስለው 'ምን እያበላችኋት ነው?' አለኝ።"

አደረግሁት። ከተረከዜ ኋላ የአባቴ አራት ጣቶች ገቡ።

አባቴ መነጽሩን አወለቀ። "ማን ነው የጨመረ?" አለ፣ ፋይል እንደጠፋበት ሰው ዙሪያውን እያየ።

ሁላችንም መሬት መሬት አየን። "እኔ አንዲት ጣት ብቻ ናት" አለች እማዬ በመጨረሻ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። አባቴ ዞሮ አያት። "እኔም አንዲት ጣት ብቻ ነች" አለ። ሾፌሩ "ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ እኔም ከአንድ ጣት አላለፍኩም" አለ። አሁን ሦስት ሆነ። አራተኛዋ ጣት የማን እንደሆነች ለማወቅ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ፤ እኔም ያለምንም ምርመራ ለቅሶዬን ለቀቅሁት። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል፤ ጣት ሲያብር ደግሞ አርባ ሁለት ቁጥር ይወጣል። መጀመሪያ የሳቀችው እማዬ ናት። ምሰሶውን ተደግፋ፣ ሆዷን ይዛ፣ "አራት! አራት!" እያለች ሳቀች። አባቴም ተከተላት። በዚያ ቤት ያልሳቅሁት እኔ ብቻ ነበርኩ።

ሳቁ ሲበርድ እማዬ ጫማውን አየች፤ ከዚያ የአባቴን እግር አየች። ምጣኔው ከዓይኗ አላመለጠም።

"ለእርስዎ ልክ ነው" አለች።

"የልጅ ጫማ ነው" አለ አባቴ፤ ክዳኑን መለሰበት። "ታድግበታለች።"

መመለስ አይቻልም፤ ሾፌሩ በማግስቱ የሚሄደው ወደ ዋጫ ነበር። የቀረን መላ መወተፍ ነው። አባቴ ከቢሮ የተጣለ ወረቀት በኩርቱ ፌስታል አመጣና ጫማውን ጠቀጠቀው። ከወረቀቱ መካከል በታይፕ የሚጻፍበት ካርቦን እንደነበረበት እሱም አላየ፣ እኔም አላየሁ።

በበዓሉ ቀን እንደተለመደው ዘነበ። ከቤት እስከ ትምህርት ቤት ጫማውን እየጎተትኩ ደረስኩ፤ ጫማው መቼም ከእግሬ እኩል አይነሳም፤ እኔ ስራመድ እሱ አስቦበት ይከተለኛል። ግን ጣቶቼ አይታዩም! ይህ ይበቃኝ ነበር። ስሜ ተጠራ። መድረኩ ሥር ያለው ቦታ በሰው እግር ታሽቶ ጭቃ ሆኗል። አንድ እግሬን ደረጃው ላይ አሳረፍኩ። ሁለተኛውን ሳነሳ እግሬ መጣ፣ ጫማው ቀረ። ጎትቼ አወጣለሁ ስል ሌላውም ወለቀ። ሰዉ እየጠበቀ ነው፤ ስሜ ሁለተኛ ጊዜ ተጠራ። ምን ላድርግ? በባዶ እግሬ ወጣሁ።

መድረኩ ላይ ቆሜ ወደ ታች ሳይ እግሬ የእኔ አልመሰለኝም። ካርቦኑ ከዝናቡ ጋር ተዋውሎ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ወይን ጠጅ አድርጎኛል። የክብር እንግዳው አንገታቸውን አስግገው አዩ። ከኋላ አንዲት ሴት "ወይ ጉድ፣ እንሶስላ ሞቃ ነው የመጣችው!" ብለው ጮሁ። የትምህርት ቤቱ ግቢ በሳቅ ፈረሰ። ከግጥሙ ሁለት ስንኝ አነበብኩ፤ ሌላው ጠፋኝ። ስድስት ደብተር ሰጡኝ። ስወርድ ደረጃውን አላየሁትም፣ በእንባ ነው የወረድኩት።

አባቴ ከወላጆቹ መቀመጫ ተነስቶ መጣ። ማንንም ሳያይ ጭቃው ውስጥ ገባና ጫማዎቹን አንድ በአንድ መዝዞ አወጣ። በመሐረቡ ጠረጋቸው። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ብሎ፣ ዓይን እንዳይሰማው በሹክሹክታ፣ "ታድጊበታለሽ። ይህ ጫማ መድረክ ይወጣል" አለኝ። በግራና በቀኝ እንትፍ እንትፍ አለብኝ። እያለቀስኩም ቢሆን አመንኩት፤ አባቴ ያልፈጸመው ጉዳይ አላውቅም ነበርና።

ወይን ጠጁ እግሬ እስኪለቅ ሳምንት ፈጀ። ጫማው ቅባት ተቀብቶ እማዬ ሳጥን ውስጥ ገባ፤ ለእኔ ከገበያ ሸራ ጫማ ተገዛልኝ። እነሆ ከዚያ ወዲያ የእንቁጣጣሽ ሥርዓታችን በየዓመቱ በጫማ ይጀመር ጀመር። ቁርስ ሳይቀርብ ካርቶኑ ይወጣል፤ እኔ አጠልቃለሁ፤ አባቴ በርከክ ብሎ ጣቶቹን በተረከዜ በኩል ያስገባል። የገባውን ልክ ክዳኑ ውስጥ በእርሳስ ይጽፋል። "ሦስት ተኩል።" በዓመቱ "ሦስት።" ጣት በቀነሰ ቁጥር አባቴ ደስታውን ለመደበቅ ያስላል። እማዬ ደግሞ በየዓመቱ ያንኑ ትላለች፦ "ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም። ጫማው የሚሆነው ሰው ካርቶን እያነጠፈ ይሄዳል፣ የማይሆናት ልጅ ትለካዋለች!"

ሁለት ጣት ላይ እግሬ ቆመ። በሚቀጥለው ዓመት ሁለት ጣት። በሚቀጥለውም። አባቴ ጣቶቹን አጥብቆ እያስገባ "ትንሽ ቀንሷል" ለማለት ሞከረ፤ አልቀነሰም።

አሥረኛ ክፍል ሳለሁ አንድ ቅዳሜ ከገበያ ቀድሜ ተመለስኩ። በሩ ገርበብ ብሏል። አባቴ ያን ጫማ አድርጎ ክፍሉ መሐል ቆሟል። ሁለት እርምጃ ወደ መስኮቱ ሄደ፤ ሁለት እርምጃ ተመለሰ። ወደ እግሩ ጎንበስ ብሎ አየ። ልክክ ብሎታል። ከዚያ ተቀምጦ ፈታው፤ በእጅጌው ጠረገው፤ መልሶ ካርቶኑ ውስጥ አስተኛው። የራሱን ጫማ ከነእርጥብ ካርቶኑ አጠለቀ። ዘንቢሌን ይዤ ወደ ውጭ ተመለስኩና አጥር ሥር ትንሽ አለቀስኩ። በአባቴ ተናድጄ ነበር፤ ከመናደዴ ይልቅ ግን እወደው ነበር።

እራት ላይ "አባዬ፣ ያን ጫማ አንተ አድርገው። የእኔ እግር ቆሟል" አልኩት።

"እግር እስከ ሃያ አምስት ዓመት ያድጋል" አለ፣ ቆጮውን እየቆረሰ። "ፋይሉ አልተዘጋም።"

እማዬ ወደ ካፊኖኖ ተሻገረች። ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያም በኩል አልተሸነፈም።

አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ ለመምህርነት ሥልጠና ጅማ ወረድኩ። የእግሬ ልክ በልጅነቷ የገባችበትን ከተማ እኔ በአሥራ ስምንት ዓመቴ ገባሁበት። የምረቃችን ቀን አባቴ ከቦንጋ በአውቶቡስ እንደሚመጣ መልእክት ልኮልኝ ስለነበር ከሰልፌ ሆኜ በዓይኔ እፈልገው ነበር። መጀመሪያ ያየሁት ፊቱን አይደለም፤ እግሩን ነው። ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ፣ ማሰሪያ ያለው ጫማ። ዓመታት ሳጥን ውስጥ ተኝቶ የነቃ አዲስ ጫማ። የነቃው ግን ክፉኛ ነበር፤ ቆዳው ደርቆ የቀኙ ሶል ከፊት በኩል ተላቋል፤ አባቴ በተራመደ ቁጥር አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል። መኪና ላይ ሳለ በሲባጎ አስሮት ነበር፤ ሲባጎውም ተፈቷል።

"አባዬ! ጫማውን አደረግከው!" አልኩት ስንገናኝ።

"ላንቺ ስንጠብቀው ልጅነትሽ አለቀ" አለኝ። "አንቺ ለበዓልሽ ካላደረግሽው፣ እኔ አድርጌልሽ መጣሁ።"

አንገቱ ሥር ገባሁ። ሥነ ሥርዓቱ አልቆ ሰው ሲበተን ተመልሰን እንሂድ ብዬ እጁን ያዝኩት። አልሄድም አለ። ወንበሮቹ እስኪነሱ ጠበቀ። ከዚያ ባዶውን መድረክ በደረጃው በኩል፣ ሶሉ ጧ ጧ እያለ፣ ቀስ ብሎ ወጣ። መሐሉ ላይ እግሩን ገጥሞ ቆመ።

"አባት፣ አልቋል እኮ" አሉት ጥበቃው ከታች።

"አውቃለሁ" አለ አባቴ። "አንድ የቆየ ጉዳይ ነበረኝ።"

ትንሽ ቆሞ ወረደ። እኔ ከሥር ሆኜ እየሳቅሁ አለቅስ ነበር፤ ጥበቃው ግራ ተጋብተው አንዴ እሱን፣ አንዴ እኔን ያያሉ። ቦንጋ ስንመለስ ካርቶኑን አወጣና ከቁጥሮቹ ሥር በእርሳስ "ተፈጽሟል" ብሎ ጻፈ። ጫማው ሶሉ ተሰፍቶለት ከዚያ በኋላ ዓመታት አገልግሎታል። እማዬ እስክታርፍ ድረስ እንግዳ በመጣ ቁጥር ታሪኩን ታወራ ነበር፤ ስታወራው ግን የሷን ጣት ሁልጊዜ ግማሽ ጣት ታደርጋት ነበር።

እንግዲህ ያን ሁሉ ነው አባቴ በረንዳው ላይ የሳቀው። የልጅ ልጄ አዲሱን ጫማዋን አድርጋ ወደ ጓደኞቿ ሮጠች። እኔ የአባቴን እግር አየሁ። ሰሞኑን እግሩ ያብጥበታል፤ ጤና ጣቢያ ስንወስደው ለስላሳና ሰፋ ያለ ጫማ ይሁንለት ብለዋል።

"የአያቴን ቁጥር ንገሪኝና ለእሱም ልዘዝለት" አለች ልጄ፣ ስልኳን እንደያዘች።

"ቁጥር የለውም አሁን" አልኳት። "ልክ ልውሰድለት።"

አጥሩ ዘንድ ሄጄ አንድ ስንጥር መዘዝኩ። ልጄ ሳቀች፤ ሜትር ላምጣልሽ አለችኝ፤ አልሰማኋትም። ከአባቴ እግር ሥር በርከክ አልኩ። እሱ በዚያ ሁሉ እንቁጣጣሽ እንዲህ ነበር የሚበረከከው። እግሩን በሁለት እጄ ይዤ መሬት ላይ አሳረፍኩት፤ ስንጥሩን አጋደምኩ። ከአውራ ጣቱ ጫፍ ላይ ልሰብር ስል እጁ ትከሻዬ ላይ አረፈ።

"አንድ ጣት ጨምሪበት" አለኝ።

"ለምን?"

"ለማደጊያ ነዋ!" አለ። ድምፁን ከፍ አድርጎ ነው የተናገረው፤ በመንገዱ የሚያልፉት ዞር ብለው አዩን። በዕድሜው ሁሉ ይህን ቃል ጮክ ብሎ ሲናገር ስሰማው የመጀመሪያዬ ነው። ዘጠና ዓመት ሊሞላው ነው፤ ዓይን ምን ሊቀንስበት?

ሳቅሁ። አንድ ጣት ጨመርኩለት። ከዚያ እሱ የልጅ ልጄን ሩጫ ለማየት ወደ መንገዱ ሲዞር ጠብቄ፣ ሌላ አንድ ጣት አሳለፍኩና ቀጭ አደረግሁት። ለማንም አልተናገርኩም።